ስምና ጎዳና
(ወደ ኡራን ካደረግነው ጉዞ)

የሰው ልጅ ይህን ዓለም በተቀላቀለ ጊዜ ከወላጆቹ እጅ በመጀመሪያ የሚቀበለው ሀብት ስሙ ነው። ልብሱ ያልቃል፤ ከብቱ ይነዳል፤ ቤቱ ይፈርሳል፤ ስሙ ግን ከእርሱ ጋር አድጎ፥ ከእርሱ ጋር አርጅቶ፥ እንደ አባቶቻችን አነጋገር ከመቃብር በላይ ይቀራል። ስለዚህም ነው የአገራችን ሰው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው። ነገር ግን መልአክ ያወጣውን ስም በመዝገብ የሚጽፈው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ጸሐፊውም እንደ መልአኩ የማይሳሳት አይደለም። እኛ ይህን የተረዳነው በገዛ ጥፋታችን ነው። የጥፋታችንንም መጠን በሚገባ ያየነው ከአገራችን ወሰን ማዶ፥ በሞያሌ አካባቢ በኬንያ ምድር በምትገኘው ኡራን በምትባል የቦረና መንደር ነው።

በመንግሥት ሥራ ላይ ከተሰማራን ወዲህ በእጃችን ያለፉት ስሞች እጅግ ብዙዎች ናቸው። የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ትግርኛ ስለ ሆነ፥ አማርኛን የተማርነው ከመጽሐፍ ያህል ከመዝገብም ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል ዛሬ አማርኛን በመማር ላይ የሚገኙ የመንግሥት ሠራተኞች እንዳሉ እናውቃለን፤ ለእነርሱም የምንመክረው፥ የአማርኛን ስም እንደ ትንሽ የሰዋስው መጽሐፍ አድርገው እንዲያነቡት ነው። «ግዛው» ትእዛዝ ነው፤ «ይርጋ» ምኞት ነው፤ «ማን ያዘዋል» ጥያቄ ነው፤ «አንተነህ» ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። «ትደነቂያለሽ» የምትባለውም ሕፃን ገና ከአራስ ቤት ሳትወጣ የወደፊቱ ዕድሏ ተነግሯታል።

ከእነዚህም ስሞች ውስጥ ፊታቸው የሚሥቅ፥ ሆዳቸው ግን የሚያለቅስ አሉ። «ቢያድግልኝ» የሚለውን ስም በመጀመሪያ ባየን ጊዜ ፈገግ ብለን ነበር። ኋላ ግን ይህ ስም ብዙ ጊዜ ልጆቿ በተከታታይ የሞቱባት እናት የምታወጣው መሆኑን በሰማን ጊዜ ፈገግታችን ከፊታችን ጠፋ። «ማስረሻ» ያለፈውን ኀዘን ያስረሳ ዘንድ የተሰጠ ስም ነው፤ «ምትኩ» የሞተውን የተካ ነው፤ «ካሣ»ም ለጠፋው የተከፈለ ካሣ ነው። በትግርኛችንም «ካሕሳይ» የሚባለው ስም የዚሁ የካሣ ወንድም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ኃይሉ፥ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም ካሣ ምርጫ ይባሉ እንደ ነበር የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ የቋራ፥ ሌላው የተምቤን ልጅ ሲሆኑ፥ ሁለቱም የእናትን እንባ ያበሰ ስም ይዘው አደጉ።

ስለ ራሳችን ብዙ መናገር ልማዳችን አይደለም፤ ነገሩ ግድ ስለሚል ጥቂት እንጨምር። በልጅነታችን የተማርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። በዚያ የነበሩት የውጭ አገር መምህር ቤተ ሰባችን ያወጣልን ስም ለአንደበታቸው ስለ ከበዳቸው፥ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ቀለል ያለ ስም መርጠው ሰጡን። ስሙ መልካም ነበረ፤ አሳቡም ቀና ነበረ። ነገር ግን አያታችን እስከ ዕለተ ዕረፍታቸው ድረስ አንድ ቀን እንኳ በዚያ ስም አልጠሩንም። ጎረቤት በአዲሱ ስማችን ሲጠራን በሰሙ ጊዜ፥ «እኔ ያንን ልጅ አላውቀውም» ይሉ ነበር። እንግዲህ ስሙ የተለወጠበት ሰው ምን እንደሚሰማው ማወቅ ከሚገባቸው ሰዎች አንዱ እኛ ነበርን። ይሁን እንጂ ያወቁትን መርሳት የሰው ጠባይ ነው።

ከአሥር ዓመት ያህል በፊት በአገራችን ደቡብ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ወጣት ጸሐፊ ሳለን፥ አንድ የቦረና ሰው የሰባት ዓመት ልጁን ለትምህርት ሊያስመዘግብ መጣ። ያን ዕለት አስተርጓሚያችን አልነበረም። «የልጁ ስም ማን ይባላል?» ብለን ጠየቅን። ሰውየውም «ዲዳ» አለ። እኛ የምናውቀው የአማርኛውን ዲዳ ነው፤ መናገር የተሳነው ማለት ነው። «አዝናለሁ፤ ስሙስ?» ብለን ደገምን። አባትየው አሁንም «ዲዳ» አለ። ልጁን ብንመለከተው፥ ከአባቱ ኩታ ኋላ ተሸሽጎ በዐይኑ ብቻ ያየን ነበር እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሰውየው በመጨረሻ ወደ ደረቱ እያመለከተ የራሱን ስም «ቦሩ» ብሎ ነገረን። እኛም በስም ዓምድ «ቦሩ»፥ በልዩ ምልክት ዓምድ ደግሞ «መናገር የማይችል» ብለን በሚያምር እጅ ጽሕፈት አሰፈርን። እንዲህ አድርገን በአንድ ብዕር ከአንድ ሕፃን ላይ ስሙንም አንደበቱንም ወሰድን።

ያ ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ በክፍሉ መጨረሻ ወንበር ተቀመጠ። መምህሩ ሰነዱን አምኖ አንድም ጥያቄ አልጠየቀውም፤ «ቦሩ» ሲባል የተጠራው አባቱ ስለሚመስለውም አቤት አላለም። ከዕለታት አንድ ቀን መምህሩ በመንገድ ሲያልፍ፥ ልጁ ፍየሎቹን በታላቅ ድምፅ እየተጣራ ሲያግድ ሰማው፤ ነገሩም ተገለጠ። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ለማረም ፈቀደ፤ ስለ ሁለተኛው ዓምድ ግን «መናገር አለመቻሉ የተመዘገበ ሰው መናገር መቻሉን የሚያረጋግጥ የሐኪም ማስረጃ ያቅርብ» የሚል ደብዳቤ ወጣ። እኛ በዚያው ወራት ወደ ሌላ ሥራ ተዛወርን፤ እውነቱን ለመናገር፥ ነገሩን ለጓደኞቻችን እንደ ቀልድ ስናወራው ኖርን።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን ሥራ ወደዚያው አቅጣጫ መለሰን። ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሐዋሳንና ዲላን አልፎ፥ ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል በነበረችውና ዛሬ ቡሌ ሆራ በምትባለው ከተማ በኩል ወደ ያቤሎና ወደ ሜጋ ይወርዳል። እየወረዱ በሄዱ ቍጥር ደጋው ይቀራል፤ ምድሩ ይቀላል፤ ግራሩና የምስጥ ኵይሳው ይበዛል። ሞያሌ በአንድ ስም የምትጠራ፥ ነገር ግን በሁለት መንግሥታት የምትተዳደር ከተማ ናት። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ መንግሥታት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1907 በተዋዋሉት የወሰን ውል መሠረት የቦረና ሕዝብ ከሁለት ተከፍሎ፥ ወንድም በዚህ ወንድም በዚያ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች የኬላ ሠራተኞች በአንድነት የሚሠሩበት የጋራ ኬላ በዚሁ ስፍራ ተመርቋል።

አማርኛ፥ ኦሮምኛና ስዋሂሊ አጣርቶ የሚናገር አንድ ወጣት መምህር መሪና አስተርጓሚ ሆኖን ወሰኑን ተሻገርን። ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት የሚወስደውን ታላቅ መንገድ በካርታ ስንመለከት «ዲዳ ጋልጋሉ» የሚል ጽሕፈት ዐይናችን ውስጥ ገባ፤ መንገዱ የሚያቋርጠው የሰፊው ምድረ በዳ ስም ነው። «ዲዳ ማለት ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅነው። መምህሩም፥ «ሜዳ ማለት ነው፤ ደጅ፥ ገላጣ ስፍራ ማለት ነው። የሰው ስምም ይሆናል» አለን። ቀጥሎም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2013 ለኬንያ ፕሬዝዳንትነት ከተወዳደሩት ስምንት ሰዎች አንዱ መሐመድ አብዱባ ዲዳ የሚባሉ መምህር እንደ ነበሩና፥ በቴሌቪዥን በተደረገው ክርክር ላይ በንግግራቸው ሕዝቡን እንዳሣቁ አጫወተን። እርሱ እየሣቀ ሲናገር እኛ ዝም አልን። ያ ልጅ ለካ የተሰየመው በሰፊው ሜዳ ነበር።

ኡራን ከሞያሌ በስተ ምዕራብ፥ በሶሎሎ በኩል የምትገኝ የቆላ መንደር ናት። ለተመልካች የሚያስደንቅ ሕንጻ የላትም፤ ሀብቷ ፍየሉ፥ ከብቱና ግመሉ ነው፤ ወሬዋም ዝናቡ ነው። ያረፍነው በአንድ ሽማግሌ ቤት ነበር። ሽማግሌው በወተት የፈላ ሻይ አቀረቡልን፤ ስለ እንግድነታችንም «ቡነ ቀላ» ተዘጋጀ። ይህም የቡናው ፍሬ እንዳለ በቅቤ ተጠብሶ ለምርቃት የሚቀርብበት የቦረና ሥርዓት ነው። ምርቃቱ ካበቃ በኋላ ሽማግሌው ከየት እንደ መጣን ከመጠየቃቸው በፊት ስማችንንና የስማችንን ትርጉም ጠየቁን። ብዙ ኬላ አልፈናል፤ ብዙ ቅጽም ሞልተናል፤ የስማችንን ትርጉም የጠየቀን ሰው ግን ከዚያ በፊት አልገጠመንም።

የእርሳቸው ስም ጎዳና ነው። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ጎዳና ሰፊ መንገድ ነው፤ በቦረና ቋንቋ ግን ከብት ነድቶ፥ ቤት ነቅሎ፥ ግጦሽ ፍለጋ መጓዝ ማለት ነው። እናታቸው በጉዞ ላይ ሳሉ ስለ ወለዷቸው ጎዳና ተባሉ። ሽማግሌው በመሬት ላይ ጠጠር እየደረደሩ ስሞቹን አንድ በአንድ አስረዱን። በቀን የተወለደ ጉዮ ነው፤ በሌሊት የተወለደ ሃልካኖ ነው፤ በንጋት የተወለደ ቦሩ፥ በምሽት የተወለደ ጋልጋሎ ይባላል። ዝናብ ሲዘንብ የተወለደ ሮባ ነው፤ በበጋው ድርቅ የተወለደ ቦናያ ነው፤ በበዓል ሥርዓት ወቅት የተወለደ ጂሎ ነው። ማክሰኞ የተወለደች ሴት ታላሶ፥ ሐሙስ የተወለደች ካሜ፥ ዓርብ የተወለደች ጉማቶ ትባላለች። ለበኵር ወንድ ልጅ ስም የሚወጣበትም «ጉቢሳ» የሚባል ታላቅ ሥርዓት አለ። እንግዲህ የልደት ምስክር ወረቀት ባልነበረበት ምድር የልደቱ ምስክር ራሱ ስሙ ነበር ማለት ነው።

ይህ ጥበብ በቦረና ብቻ የተወሰነ አይደለም። በዚያው በኬንያ የሉኦ ሰዎች በሌሊት የተወለደውን ኦቲኖ፥ በዝናብ ጊዜ የተወለደውን ኦኮት ይሉታል። በጋና ምድርም የአካን ሕዝብ ለየዕለቱ ስም አለው፤ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን የዓርብ ልጅ፥ ክዋሜ ንክሩማም የቅዳሜ ልጅ ናቸው። ኮፊና ጉማቶ በአህጉሩ ሁለት ዳርቻ ቢወለዱም የስማቸው ትርጉም አንድ ነው።

ስለ ዕድሜያቸው ብንጠይቃቸው ሽማግሌው «በጃልዴሳ ሊበን ዘመን ተወለድሁ» አሉን። ቦረናዎች ዘመናቸውን የሚቈጥሩት በየስምንት ዓመቱ በሚለዋወጠው አባ ገዳ ስም ነው፤ ይህ የገዳ ሥርዓት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ጃልዴሳ ሊበን በዚሁ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1968 አባ ገዳ ነበሩ። ጃልዴሳ ማለት ዝንጀሮ ነው። የከተማ ሰው ይህን ሲሰማ ይሥቅ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ እኛም ጀግናውን አርበኛ ደጃዝማች ውብነህ ተሰማን «አሞራው» ብለን በክብር ጠርተናል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የሚከተለው ነው። በገዳ ሕግ ልጅ የአባቱን ስፍራ የሚይዘው ከዐርባ ዓመት በኋላ ነው፤ በ2000 ሥልጣኑን የተረከቡትም የጃልዴሳ ልጅ ሊበን ጃልዴሳ ነበሩ። አባቱ ጃልዴሳ ሊበን፥ ልጁ ሊበን ጃልዴሳ፤ ስሙ እንደ መንኰራኵር ዞሮ ወደ አያቱ ተመለሰ። ኤርትራዊው ሊቅ አስመሮም ለገሰ ስለዚህ የዘመን አቈጣጠር ጥበብ በ1973 ባሳተሙት የታወቀ መጽሐፍ በሰፊው ጽፈዋል።

ጨዋታው እንዲህ ሲደምቅ ቆይቶ፥ ሽማግሌው ወደ ውስጥ ገቡና በላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ወረቀቶች አወጡ። በአንደኛው ስማቸው «ጎዳና»፥ በሁለተኛው «ጉደና» ተብሏል። በሦስተኛው ደግሞ ቅጹ የቤተ ሰብ ስም ስለ ጠየቀ የአያታቸው ስም ፊት ወጥቶ የአባታቸው ስም ጨርሶ ጠፍቷል። የልደታቸው ቀንም በሦስቱም ላይ ይለያያል። «የቱ ነው እኔ?» አሉን፤ እኛም የቀለዱ መስሎን ልንሥቅ ቃጣን። እርሳቸው ግን አልቀለዱም።

ታላቅ ወንድማቸው ከወሰኑ ወዲህ በኢትዮጵያ ምድር ይኖሩ ነበር። እኒያ ወንድም በጠና ታመው በአንድ ሐኪም ቤት በተኙ ጊዜ ሽማግሌው ሊጠይቁ መጡ። በመንገድ ላይ የነበረ አንድ ጸሐፊ ወረቀታቸውን ተመልክቶ፥ «የእርስዎ መጨረሻ ስም ከታማሚው ስም ጋር አይገናኝም፤ ወንድማማች መሆናችሁን የሚያስረዳ ማስረጃ አምጡ» አላቸው። ማስረጃ ሲያፈላልጉ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ሲደርሱ ወንድማቸው ተቀብረው ነበር። «ከአንድ እናት ጡት የጠባን ነን፤ ወረቀቱ ግን ባዳ አደረገን» ብለው ወረቀቶቹን መልሰው ጠቀለሏቸው።

በዚያን ጊዜ የዲዳን ነገር ልንሰውር አልተቻለንም። በአስተርጓሚያችን አንደበት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናዘዝን። መምህሩ ወጣት ስለ ነበረ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሣቀ። ሽማግሌው ግን አልሣቁም፤ አልተቈጡምም። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፥ ወረቀት ጆሮ የለውም፤ ጆሮ ያለው ጸሐፊው ነው። ያ ልጅ ዛሬ የት አለ?» እኛም «አላወቅንም፥ አባቴ» አልናቸው። ይህን መልስ በሰጠን ጊዜ የተሰማንን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳነውም፤ ለሌሎች ስናወራው የኖርነው ቀልድ የልጁን መጨረሻ ሳንጠይቅ ያወራነው ነበርና።

በማግሥቱ ልንሰናበት ስንል ሽማግሌው በእኛ ፊደል ስማቸውን እንድንጽፍላቸው ለመኑን። በንጹሕ ወረቀት ላይ የእርሳቸውን፥ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም በቅደም ተከተል ጽፈን፥ ሦስት ጊዜ እያነበብን አሰማናቸው። «ጎዳና በእናንተ ቋንቋ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። «ሰፊ መንገድ ማለት ነው» አልናቸው። ፊታቸው በራ፤ «እንግዲያውስ አልተሳሳታችሁም፤ የእናቴም ነገር እርሱው ነው» አሉ። ወረቀቱንም ከሦስቱ ወረቀቶች ጋር ጠቀለሉት። በሕግ ፊት የማይረባ ቍራጭ ወረቀት መሆኑን እኛም እርሳቸውም እናውቅ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ መንገዳችንን አጣምመን ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤታችን ሄድን። መዝገቡ ሲፈለግ ቆይቶ ከአቧራው ወጣ። በስም ዓምድ «ቦሩ» ተሰርዞ «ዲዳ ቦሩ» ተብሎ ታርሟል፤ በልዩ ምልክት ዓምድ ግን «መናገር የማይችል» የሚለው የእጅ ጽሕፈታችን እንደ ተጻፈ ነበር። የሐኪም ማስረጃ ያመጣ ሰው አልነበረም። ልጁ አሁን የዐሥራ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ሆኗል፤ ሥራ ወይም ከፍተኛ ትምህርት በጠየቀ ጊዜ ያ መስመር ቀድሞ ይጠብቀው ነበር። ለኀላፊው ማመልከቻ ጽፈን፥ ስሕተቱ የእኛ መሆኑን በሙሉ ስማችን ፈርመን አረጋገጥን። ከብዙ ምልልስ በኋላም መስመሩ ተሰረዘ፤ ከስረዛውም ጎን የእኛ ስም ተጻፈ። በሥራ ዘመናችን ስማችን ከገባባቸው ጽሑፎች ሁሉ የምንወደው ይኸው ነው።

አማርኛን የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ከዚህ ጉዞ ያተረፍነውን ሦስት ነገር እናካፍላችሁ። አንደኛ፥ የምታውቁት ቃል በሌላው ቋንቋ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፥ ስም ሲነገራችሁ ትርጉሙን ሳትጠይቁ አትጻፉ። ሁለተኛ፥ የጻፋችሁትን ለባለቤቱ አንብባችሁ አሰሙት፤ አዎን ሳይል ብዕራችሁን አታኑሩ። ሦስተኛ፥ የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተል የሰውየው የዘር ሐረግ ነውና፥ ቅጹ ስለ ጠበበ ብቻ አትቍረጡት።

አማርኛ ሰውን በአክብሮት ስሙን የሚጠይቅበት አንድ መልካም አነጋገር አለው፤ «ስምዎን ማን ልበል?» ይላል። ጠያቂው የሚጠብቀው ባለቤቱ እንዲነግረው ነው፤ ከባለቤቱ አፍ ሳይሰማ አንዳች አይልም። እኛ ይህን አነጋገር በመጽሐፍ ያወቅነው በትምህርት ቤት ሳለን ነበር፤ የተማርነው ግን ኡራን ላይ ነው።